ሁለት ገጽ በአንድ ጣት

ሽርር! ሁለት ገጽ በአንድ ጣት ሲገለጥ ድምፁ እንዲህ ነው። ያኔ ተረት ይነበብላት የነበረች አንዲት ልጅ ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች፤ ድምፁን በሰማች ቁጥር ግን አሁንም ደሟ ይፈላል። ለልጅ ተረት የሚያነብ አዋቂ ሁሉ የገጽ ሌባ ነው። አልሰረቅሁም የሚል ካለ፣ እሱ ጭራሽ አንብቦ አያውቅም።

የሌቦቹ ሁሉ አለቃ ያሳደጓት አጎቷ፣ ክቡር ልብስ ሰፊው ነበሩ። እኚህ ሰው የሰው ሱሪ ግማሽ ጣት ቢያሳጥሩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም፤ ለተረት ሲሆን ግን መቀሳቸው ርኅራኄ የለውም። ደንበኛ በር ላይ ብቅ ካለ ዘንዶው ሳይዋጋ ይሞታል። ሻይ ከቀረበ ንጉሡ ሳይታመም ይድናል። የቆረጡትን የሚጠግኑትም ሁልጊዜ በአንድ ክር ነው፦ «ከብዙ ድካም በኋላ ቤታቸው ገቡ።»

«ጋሼ፣ ዘለሉ!»

«ማን? እኔ?»

«ቤት አልመታማ!»

ከሁሉ የሚያንገበግባት የሁለቱ ውርንጭሎች ተረት ነበር። በግጥም ስለተጻፈ ስርቆቱ ወዲያው ይታወቃል፤ አንዱ ስንኝ ጥንዱ እንደጠፋ ካልሲ ብቻውን ይቀራል። የምትዘለለውም ሁልጊዜ ያችው የወንዝ ዳሯ ገጽ ናት፤ ደንበኛ ኖረም አልኖረ።

«ወንዙን እንዴት ተሻገሩት?»

«ተሻገሩ አልኩሽ እኮ፣ እሜቴ! ከብዙ ድካም በኋላ...»

ከአጎቷ መኪና ጎን ጨርቅ የለበሰ ሌላ የስፌት መኪና ነበር፤ የታላቅ ወንድማቸው፣ የአባቷ። አባቷ እሷ የዕቅፍ ልጅ ሳለች «ቆይ፣ መጣሁ» ብሎ እንደወጣ ቀረ። ያንን መኪና ማንም አይነካውም።

እንግዲህ ልጅቱ ፊደል ቆጠረች፤ ለዕውቀት ሳይሆን ለበቀል። ማንበብ እንደቻለች፣ አንዲት ደንበኛ ቀሚሷን ቁጭ ብላ ስትጠብቅ፣ መጽሐፉን ይዛ መሀል ቤት ተገተረች።

«ዛሬ ሌባው ይያዛል!» አለችና ጮክ ብላ አነበበች፦

«ቆይ ጠብቀኝ» ብሎ ታላቅዬው ተሻግሮ፣
ታናሽዬው ዳር ቆመ፣ እዚያው ውሎ አድሮ።

የመኪናው ኳኳታ ቀጥ አለ። አጎቷ ቀና አላሉም። ቀስ ብለው ተነሡና፣ የአባቷን መኪና ያለበሰውን ጨርቅ፣ ምንም ባይዛነፍም፣ አቃኑት።

«ታዲያ ተመለሰ ወይ፣ የኔ ልጅ?» አለች ደንበኛዋ።

ልጅቱ አጎቷን አየቻቸው። ቀጥሎም ጨርቅ የለበሰውን የአባቷን መኪና አየች። ሽርር! ሁለት ገጽ በአንድ ጣት ገለጠች።

«ከብዙ ድካም በኋላ» አለች፣ «ቤታቸው ገቡ።»

«ቤት አልመታም» አሉ አጎቷ በቀስታ። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ፣ ደንበኛዋን እንኳ ሳይሰናበቱ፣ ወንድማቸው ያን ቀን በወጣበት በር ወጡ።