ቆጵሮስ በእግር

ሳይሄድ መንገድ የሚያውቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በቅርቡ የቀበርነው ታላቅ ወንድሜ እንዲያ ነበር። ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ፣ የስልኩን ካርታ እያየ፣ ቆጵሮስ ደሴትን በርካሽ ሊጎበኝ ያቅድ ነበር። ስንቁ ድርቆሽ፣ ታክሲው እግሩ!

«አንተ፣ መጀመሪያ እዚሁ አጠገባችን ያለችውን ደምበጫን እይ!» ይሉት ነበር ጓደኞቹ። እሱ ግን ከወደቡ እስከ አሮጌው ምሽግ ያለውን አቋራጭ እንደ ዳዊት አስጠናኝ። ታላቅ ሲያዝ እምቢ ይባላል?

ሰሞኑን ለትምህርት ቆጵሮስ የሄደችው የጎረቤታችን ልጅ ደወለችልኝ። «ወንድምዬ፣ ወደቡ ላይ ጠፋሁ! ከአሮጌው ምሽግ አጠገብ አንድ አበሻ ቤቱ ይጠብቀኛል። ካርታው አልከፈት አለኝ፤ ለታክሲ የሚሆን የለኝም።»

«ባሕሩን በግራ ይዘሽ ሂጂ፤ ምሽጉ ጋ ስትደርሺ ወደ ቀኝ ታጠፊ» አልኳት።

ደረሰች። የተቀበላት አበሻ ስልኳን ወስዶ፣ «ይህን አቋራጭ እኔም አላውቀው! ማን ነገረህ?» አለኝ።

«ወንድሜ።»

«እዚህ ስንት ዓመት ኖረ?»

«ነፍሱን ይማርና፣ ከጎጃሟ ሉማሜ አልፎ አያውቅም» አልኩት፣ ኮራ ብዬ።