የተባዩ ዘመዶች

ዘመድ ቆጣሪ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ እስራኤል፣ ቤርሼባ ከተማ፣ ሽኩና ጊሜል በሚባለው ሰፈር፣ ጎረቤቴ አባባ ተገኘ ሙሽራ ሲያጣሩ ሌባ የያዙ ነው የሚመስሉት። እስከ ሰባት ቤት ካልቆጠሩ «ይጋቡ» አይሉም።

የልጅ ልጃቸው ኦሪት ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምትማረው ስለ ተባይ ነው። ባለፈው አማርኛ አይሰማም ያለችንን እጮኛዋን ይዛ መጣች። አባባ «አያቱ ማነው?» ሲሉ፣ «ዳይ አባባ! ይበቃል፤ ይሄ የድሮ ነገር ነው» ብላ ዝም አሰኘቻቸው።

ወሬ ለማስቀየር ስልኳን አውጥታ አዲስ የተገኘ ተባይ አሳየችን። ኧረ በእግዜር! ትኋን ይመስላል፣ እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ ነው፣ ክንፍ የሚባል አልፈጠረበትም። መርፌ የመሰለው አፉ ደግሞ ከገላው ስለሚረዝም ጭንቅላቱ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው! ደንግጬ ስልኩን ልጥለው ነበር።

«አዲስ መሆኑን በምን አወቃችሁ?» አሉ አባባ።

«እግሩንም ሆዱንም እያየን ዘመዶቹን ቆጠርን። የማን ዘር እንደሆነ ሳይጣራማ ስም አይወጣለትም።»

አባባ ዓይናቸው ፈጦ ከሶፋው ተነሡ።

«ለተባይ? ለተባይ ሲሆን ዘር ይቆጠራል? በይ እንግዲያው፣ ይሄንንም ልጅ ከእግሩ ጀምሪልኝ!»

ኦሪት ስልኳን ፈጥና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አማርኛ አይሰማም የተባለው እጮኛዋ ግን ሁለት እግሩን ቀስ ብሎ ከሶፋው ሥር ሰበሰበ።