ክቡር ሊቀመንበር ሙላቱና የጎልባ ቦይ

ሁለት ሐበሻ በተገናኘበት ሁሉ ሦስተኛው ኮሚቴ ነው። ኮሚቴ ደግሞ ያለ ሊቀመንበር አይቆምም፤ እንዲህ ያለውን ሰው አላየሁም የሚል ካለ ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው። ለሪያድ የደረሷት ክቡር ሊቀመንበር ሙላቱ ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ሱለይ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር ተኝተው ይውላሉ። ዓርብ ሲመጣ ግን የእጃቸውን ግራሶ ታጥበው፣ ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ሦስት እስክሪብቶ ደረት ኪሳቸው ላይ ሰክተው ብቅ ይላሉ። የሚጽፈው አንዱ ብቻ ነው።

ስንቅነሽ እንደሳቸው የገጠሯ ጎልባ ልጅ ናት፤ ባዲዓ ሰፈር የሴቶች ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። አንድ ቀን የቤቷ አምፖል ተቃጠለ። ሙላቱ ቀና ብለው አዩትና "ይኼ ሰፊ መሠረት ይፈልጋል፤ ኮሚቴ እናቋቁም!" አሉ። ምክትል እስኪመረጥ ስንቅነሽ ወንበር ላይ ወጥታ ቀየረችው።

"እህቴ፣ አንቺ ጸሐፊ ብትሆኚ የት በደረስን!" ባሏት ቁጥር መልሷ አንድ ነው።

"ኸላስ፣ በቃ፣ ጋሼ ሙላቱ! በቁሜ ኮሚቴ አልገባም!"

የ2007ቱ የጎልባ ጉዳይ ግን የሚቀለድበት አልነበረም። የስንቅነሽ እናት በሰባ ዓመታቸው የውሃ ጀሪካን አዝለው ገደል ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ውሃ ጽሕፈት ቤቱ ቧንቧ አምጥቶ ከምሯል፣ ግብርናው ዶማና አካፋ ሰጥቷል፣ ቄሱም ሼኹም ሕዝቡን መክረዋል። ቧንቧው የሚቀበርበት ቦይ ግን ሳይቆፈር ዓመት ሞላው። ለምን ቢሉ፣ የጎልባ ሰው ደቦ ወጥቶ ያለ ዘፈን አውራጅ ዶማ አያነሣም፤ አውራጁ ባንቴ ደግሞ ሪያድ መጥቶ ሹፌር ሆኗል።

"ታዲያ ከዚሁ ያውርዳ!" አሉ ሙላቱ። "በኢሞ! እዚያ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ ይደቅኑት። ኮሚቴ እናቋቁም!"

ቀን ለመምረጥ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ታቦት የማይነግሥበት፣ ከጁምዓ ሶላት በፊት የሚጨረስ፣ ባንቴንም ከፊሉ፣ ማለትም አሠሪው፣ የማይፈልግበት ጠዋት በስንት መከራ ተገኘ። ስንቅነሽ ቤት ዐሥራ አምስት ሰው ታጨቀ። ጎልባም ዶማውን ይዞ ተሰልፏል፤ የውሃው ባለሙያ ይልማ ስልኩን ድምፅ ማጉያው አፍ ላይ ደቅኖ ይጠብቃል። ይኼኔ ባንቴ ደወለ።

"ከፊሌ ድንገት ጠራኝ፤ ቤተሰቡን ላደርስ ነው። አፉ በሉኝ!"

ከወዲያ በስልኩ የስንቅነሽ እናት ድምፅ ተሰማ። "ዛሬም ቀረ?"

ሙላቱ ተነሥተው ስልኩን ያዙ። ድምፃቸው፣ እግዜር ይይላቸው፣ ዘይት የጠማው በር ነው። ግጥምም አያውቁም፤ የሚያውቁት አጀንዳ ነው።

"አጀንዳ አንድ፦ ዶማው ይነሣ!
አጀንዳ ሁለት፦ ጉልበት አይሳሳ!"

የጎልባ አገር ምድሩ በሳቅ ፈነዳ። "ሆ! ዶማው ይነሣ!" ብለው ተቀበሉ፤ ዶማው መሬት ሲመታ በስልኩ ዱብ፣ ዱብ ይላል። ስንቅነሽ ሳይታወቃት እያጨበጨበች ትቀበላለች። በሩ ተንኳኳ፤ ጫጫታው ጠብ የመሰለው ግብፃዊ ጎረቤት ነበር። ሙላቱ ዘፈኑን ሳያቋርጡ እጁን ይዘው አስገቡት።

"ያላ ወንድሜ፣ የጭብጨባ ንዑስ ኮሚቴ!"

ሰውየው አንዲት ቃል አልገባውም፤ ማጨብጨቡን ግን አሳምሮ አጨበጨበ።

በሚቀጥለው ዓርብ ባንቴ ጉሮሮውን ጠራርጎ ቢመጣ፣ ጎልባ "የአጀንዳውን ሰውዬ አምጡልን!" አለ። ምን ይደረግ፣ ባንቴም ተቀባይ ሆነ። በአራት ዓርብ ቦዩ አለቀ፣ ቧንቧው ተቀበረ። በአምስተኛው የስንቅነሽ እናት በደጃቸው ቧንቧ ከፍተው ፊታቸውን ሲታጠቡ በስልኩ ታዩ።

"ልጄ፣ ያ ድምፁ የማያምር ሰውዬ አጠገብሽ አለ? ዕድሜ ይስጠው በይልኝ።"

ክቡር ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን በሸሚዛቸው እጅጌ ጠረጉ። ጉሮሯቸውንም ጠረጉ። "እንግዲህ የምረቃው በዓል ሰፊ መሠረት ይፈልጋል፤ ኮሚቴ..."

"እናቋቁም!" አለች ስንቅነሽ ቀድማቸው። ከሦስቱ እስክሪብቶዎች የሚጽፈውን ለይታ ከኪሳቸው መዘዘች። "ጸሐፊዋ እኔ ነኝ።"