አላርሙን የሚጠብቁት ጋሽ ላምቦሬ

«ቀላል ነው፤ አልወስድም!» አሉ ጋሽ ላምቦሬ፣ የአላርም ባትሪውን ሊገዙት እንዳሰቡት የዶዮገና በግ በሁለት እጃቸው ከፍ ዝቅ እያደረጉ።

«ጋሼ፣ በግ አይደለም እኮ! መብራት ቢጠፋ ሌሊቱን ሙሉ ይቆያል» አለች ባለሱቋ ታደለች።

አብሬያቸው ሱቅ የመጣሁ ጎረቤታቸው ነኝና ልንገራችሁ። ጋሽ ላምቦሬ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ዶዮገና ያለችው ልጃቸው ስትወልድ፣ ሄደው ሊጠይቋት አስበው ቤታቸው የሌባ አላርም አስገጠሙ። መብራት ሲጠፋ ግን አላርሙም ይጠፋል። ስለዚህ እሳቸው ቤት ተቀምጠው አላርሙን ይጠብቃሉ! የልጅ ልጃቸው አያቱን ሳያይ ጥርስ አበቀለ። ምን እንዳይሰረቅባቸው ነው አትሉኝም? አንድ ቴሌቪዥንና የድሮ ተማሪዎች የፈተና ወረቀት።

ታደለች ሰለቻት። ባትሪውን ከሱቋ አላርም ጋር አገናኝታ ሶኬቱን ነቀለችና የአላርሙን መሞከሪያ ተጫነች። አላርሙ ጮኸ፤ ከተማችን ሆሳዕና እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምታ የምታውቅ አይመስለኝም! ልብስ ሰፊው መቀሱን እንደያዘ፣ ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ከተላጨ ደንበኛው ጋር፣ የባጃጅ ሾፌሮቹም ዱላ ይዘው ደረሱ።

«የታለ ሌባው?»

ጋሽ ላምቦሬ አንድ በአንድ አዩዋቸው። «ይሄ ሁሉ ሰው ለእኔም ቤት ይመጣል?»

«ቲቸር ደግሞ! ያስተማሩን እኮ እርስዎ ነዎት» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ባትሪውን ገዝተው ከቤታቸው ቁልፍ ጋር እኔን አስታቀፉኝ።

«አንተ አስገጥመው። እኔ ወደ መናኸሪያ ነኝ» ብለው ወጡ። የሱቁ የመስታወት በር ከኋላቸው ተዘጋ።