ታንኳ ላይ አይነሣም

እኔ ቴአትር ለማየት ስገባ የመጨረሻውን ረድፍ ነው የምመርጥ። ዓይኔ ደኅና ስለሆነ አይደለም። አንዲት የማትለቀኝ ልማድ አለችብኝ፤ ሽማግሌ ሲገባ ካየሁ እነሣለሁ። ቤት ውስጥ ቢሆን ደግ ነው፤ ለቅሶ ቤትም ደግ ነው። እኔ ግን መድረክ ላይ ለሚገባ ሽማግሌም እነሣለሁ። ያውም ጺሙ በሙጫ የተለጠፈ መሆኑን እያወቅሁ! በቀደም፣ መሐል ረድፍ መቀመጥ ሳልተው፣ አንዲት ልጅ ከኋላዬ ሆና «አባባ፣ ጋረዱን እኮ! ይቀመጡልን እንጂ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን በዚያ ጨለማ ከየት ጀምሬ ላስረዳት? ለእናንተ ልንገራችሁ፤ እናንተ የምትቸኩሉ አትመስሉም።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ባሕር ዳር ፋብሪካ የምሠራ ጎረምሳ ነበርሁ። ቀን ከክር ጋር ስታገል እውልና ማታ ብስክሌቴን በዘንባባው ሥር እየነዳሁ ወደ ቀበሌ አዳራሽ እበራለሁ። ለምን? የኪነት ቡድኑ ከበሮ መቺ ነኛ! አዳራሹ አዳራሽ እንዳይባል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ከመጣ ተዋናዩ አፉን ሲከፍትና ሲገጥም ብቻ ነው የሚታይ። ግን ውድድ አድርገን እንወደው ነበር። አቤት ስንወደው!

የቡድኑ መሪ መምህር ደምሴ ይባላል። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሲጋራውን ለኩሶ ማጨሱን የሚረሳ ሰው። በዚያ ዓመት የምናሳያቸው አራት ሥራዎች በቀይ ቀለም ተጽፈው ቀበሌው በር ላይ ተለጠፉ። አንደኛው «የባላባቱ ፍጻሜ» ነው። ሁለተኛው «የዘጌዋ ሙሽራ» የሚባል፣ ከዳር እስከ ዳር በዘፈን የሚሄድ የደምሴ የራሱ ድርሰት። ሦስተኛው ስለ መሠረተ ትምህርት ነበር። አራተኛውን ረስቼዋለሁ፤ ደራሲውም ሳይረሳው አይቀርም።

ደምሴ ነፍሱ ያለችው ሁለተኛው ላይ ነው። ስንት ክረምት የደከመበት! ታሪኩ ቀላል ነው። ሙሽራዋ ከዘጌ በታንኳ ትነሣለች፣ ማዕበል ይመጣል፣ ሚዜዎቹ ይዘፍናሉ፣ በደኅና ትደርሳለች። በቃ። የኪነት ኃላፊው ካድሬ ጓድ ታምራት ደግሞ ግራ ገባው። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ሣቅ የሚያልፍበት የማይመስል ወጣት ነበር። የሚወድቅ ሥርዓት ከሌለው ምኑን ቴአትር ሆነ ብሎ ጠየቀ። ኋላ ስንለማመጠው ቁርጡን ነገረን። መጀመሪያ ባላባቱን አሳዩ፤ ሕዝቡ በመደብ ጥላቻ ከነደደ ሙሽራዋን እፈቅዳለሁ፤ ካልነደደ አዳራሹ የሸማቾች ማኅበር የእህል መጋዘን ይሆናል። ደምሴ በዚያ ሳምንት ይባስ ቀጠነ።

ችግሩ ባላባት የሚሆን ሰው ጠፋ። ያን ጊዜ ባላባት መባል ቀልድ መስሏችኋል? ስሙ ከተለጠፈ አይነሣም። ሁሉም ጭቁን ገበሬ መሆን ፈለገ። አንድ ባላባት አጥተን አሥራ ምናምን ጭቁን ይዘን ቁጭ አልን።

በመጨረሻ ማን እሺ ቢል ጥሩ ነው? መሪጌታ አድማሱ! የከተማው ግማሽ በሳቸው ሽምግልና ነው የተጋባ፤ የቀረው ግማሽ በሳቸው ሽምግልና ነው ሳይፋታ የቀረ። ድምፃቸው ያለ ማይክሮፎን ሐይቁን ይሻገራል። ደምሴ ማመን አቅቶት «መሪጌታ፣ እርስዎ እኮ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነዎት» ቢላቸው፣ «እኔም ባለቤቴን ከዘጌ በታንኳ ነው ያመጣኋት፤ ነፍሷን ይማረውና። ያንተን ሙሽራ ስትሻገር ሳላይማ አልሞትም። ካባው እንደሆነ የራሴ አለኝ» አሉት።

ሁዳዴ ነበርና በልምምዳችን ሰዓት እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ናቸው። እኛ ምን አደረግን? ባላባቱን በባዶ ወንበር ተክተን ተለማመድን። ዋናው ገበሬ ሙሉጌታ የሚባል የፋብሪካ ባልደረባዬ ነው። ወይ ጉድ፣ ያን ወንበር ሲሰድበው! ሲጎትተው! ወንበሩ እግሩ ወለቀ። ደምሴ በደስታ ሲጋራውን በተቃራኒው ለኮሰው።

ፋሲካ አለፈና ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል። መጋረጃው ተከፈተ። መሪጌታ ጥምጥማቸውን ለክብሩ ብለው ቤት ትተውት፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ ካባ ደርበው ገቡ። መቋሚያቸውን ግን ረስተው ይዘውት መጡ። ገና አንድ እግራቸው መድረኩን ከመርገጡ አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። «ኖር!»

እሳቸውም ከልማድ «በእግዜር! በእግዜር! ኧረ ተቀመጡ!» አሉና ባርኔጣቸውን አነሡ።

በቃ፣ እዚያው አለቀ። ሙሉጌታ ጎትቶ ሊጥላቸው ሲጠጋ ላብ አጠመቀው። በቀደም ከሚስቱ ያስታረቁት እሳቸው ናቸው፤ እንዴት አድርጎ ይጎትታቸው? መሪጌታ ቀስ ብለው «ጎትተኝ እንጂ ልጄ» ይሉታል። እሱ በሁለት እጁ ክንዳቸውን ደግፎ፣ «ቀስ ይበሉ፣ ደረጃ አለ» እያለ ከመድረክ አወረዳቸው። ሴቶቹ እልል አሉ። ጭቁኖቹ ገበሬዎች ባላባቱን ሸኝተው ተመለሱ።

በማግስቱ ግምገማ ተጠራ። ጓድ ታምራት ጠረጴዛውን ደበደበ። ፊውዳል ይጣላል እንጂ ይሸኛል ወይ አለ። የመጨረሻ ዕድል ሰጠን፤ እሑድ ይደገማል፣ ገበሬውንም እሱ ራሱ ይሠራዋል፣ እንዴት እንደሚጣል ያሳየናል። ደምሴ ግድግዳውን ተደገፈ። ሙሽራዋ ከእጁ ስትወጣ እየታየው ነበር፤ እኔም እንባዬ ነው የመጣ።

እሑድ የቀበሌው ጥበቃ በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ አስጠነቀቀ፤ ዛሬ ማንም እንዳይነሣ! መሪጌታ ገቡ። ጸጥ! እንዴት ያለ ጭንቅ መሰላችሁ። ሰው አግዳሚውን በሁለት እጁ ይዞ ቁጭ ብሏል፤ ልማዱ እንዳያስነሣው። ጓድ ታምራት እየፎከረ ወጣና ካባቸውን ጨምድዶ ጎተተ። መሪጌታ ደግሞ ሙሽራዋን ማየት ይፈልጋሉ! በሙሉ ልባቸው ወደቁ። ባርኔጣው ፊተኛው ረድፍ ድረስ ተንከባለለ፣ መቋሚያው ተስፈንጥሮ ከበሮዬን መታው። ከዚያ አልተንቀሳቀሱም።

ታምራት እዚያ ላይ እጁን ጨብጦ መፈክር ማሰማት ነበረበት። እሱ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ተንበረከከና «አባቴ! አባቴ፣ ተጎዱብኝ?» አላቸው።

መሪጌታ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ሊያንሾካሹኩ ሞከሩ። ያ ድምፅ መቼ ይንሾካሾካል? መጨረሻ ረድፍ ድረስ ተሰማ። «አልተጎዳሁም ልጄ፣ በርታ! ርገመኝ እንጂ፤ ሙሽራዋ እንዳትቀርብን!»

ሣቁና እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ታምራት መሪጌታን አቅፎ አነሣቸው። የካባቸውን አቧራ አራገፈ። ባርኔጣውን ራሱ ወርዶ አመጣላቸው። በማግስቱ ግምገማ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ማን ማንን ይገምግም? ታምራት በር ላይ ቆም ብሎ «የዘጌዋን አዘጋጁ» አለንና ሄደ። ደምሴ አቅፎኝ እንደ ልጅ ዘለለ።

አሁን ሙሽራዋ። ታንኳዋን ለሐይቁ ዳር ሰዎች ነግረን በእውነተኛ ደንገል አሠራን፤ ከሥሯ የጋሪ ጎማ አስገብተን በገመድ እንጎትታታለን። ሐይቁ ሰማያዊ አቡጀዲ ነው። መሪጌታም ካልተሳተፍሁ አሉ። ደምሴ ደግሞ አንድ ጊዜ ተቃጥሏል። ቀዛፊ አደረጋቸው፤ የነተበች ጋቢ አልብሶ፣ ጀርባቸውን ለተመልካች ሰጥተው፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ። ለጀርባ ማን ይነሣል?

ተነሣ! ታንኳዋ መሐል ሐይቅ ስትደርስ ከፊተኛው ረድፍ አንድ ሰው ብድግ አለ። ጓድ ታምራት! «ኖር!» አለ። አዳራሹ ተከትሎት ተነሣ። እኛም ታንኳ ላይ ያለነው፣ ሙሽራዋ ከነቬሏ፣ ሚዜዎቹ፣ እኔ ከነከበሮዬ፣ ከልማድ አብረን ተነሣን።

መሪጌታ ዘወር ብለው «በእግዜር! ኧረ ተቀመጡ! ታንኳ ላይ አይነሣም!» ቢሉም ጊዜው አልፎ ነበር። ተያይዘን አቡጀዲው ውስጥ ገባን። እኔ ተንጋልዬም ከበሮውን አላቆምሁም፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም።

ደምሴ መጋረጃው ጀርባ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ሕዝቡ ግን ድገሙት አለ። ደገምነው። በሳምንቱም ድገሙት አለ። ከአንበሳሜ፣ ከይፋግ ድረስ በጭነት መኪና እየመጡ አዩት። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ይነሣሉ፣ ሁልጊዜ እንገለበጣለን። ከአራቱ ሥራዎች ሌሎቹ ተረሱ፤ ዓመቱን ሙሉ ስንገለበጥ ከረምን። ደምሴ «የኔ ሙሽራ መቼ ነው የምትደርስ?» እያለ ይበሳጫል። መሪጌታ «ትደርሳለች ልጄ። የኔዋም እየረጠበች ነው የደረሰች» ይሉታል።

ኅዳር ላይ መሪጌታ ታመሙ። አልቆዩም። ከተማው እንዳለ ወጥቶ ቀበራቸው፤ ጓድ ታምራት ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር።

ከተዝካራቸው በኋላ «የዘጌዋ ሙሽራ» እንደገና ታየች። መቅዘፊያውን ሙሉጌታ ያዘ። ታንኳዋ መሐል ሐይቅ ደረሰች። ማንም አልተነሣም። አለፈች። ማዶ ደረሰች። ደምሴ እንደ ጻፈው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በደኅና። ያን የመጨረሻውን ዘፈን እስከዚያ ቀን ተመልካች ሰምቶት አያውቅም ነበር፤ ዘፈንነው። እንዴት ያምር ነበር! ያጨበጨበ ሰው ግን የለም። ሁሉም ያለቅሳል።

ይኸኔ ደምሴ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣ። ታንኳዋን አያት። ከዚያ በእግሩ ገፍቶ ገለበጣት።

አዳራሹ ብድግ አለ። «ኖር!» አልን፤ እኛም ከወደቅንበት። «በእግዜር፣ ተቀመጡ» የሚለን ግን አልነበረም። እንደ ቆምን ቀረን። እኔማ እስከ ባለፈው ድረስ፣ ያቺ ልጅ ከኋላዬ «ይቀመጡልን» እስክትለኝ።