የታገሰ መኪና ጭስ

እኛ ሰዎች ጉልበትን በጩኸትና በጭስ መለካት እንወዳለን። ድምፁን ከፍ ያደረገ ስብሰባውን ይመራል፤ ደጁ ላይ ትልቅ ድስት የጣደ ሀብታም ይባላል። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ዕድሜዬን በናፍጣ ሞተር ሥር ተጋድሜ የፈጀሁት እኔ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጥቁር ጭስ ማለት ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። በቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ እሳት የሚጭርለት የለም። ፒስተኑ አየሩን ጨቁኖ ጨቁኖ እንደ ፍም ያግለዋል፤ ልክ በዚያች ቅጽበት ፖምፓው ናፍጣውን ይገፋና ኖዝል በምንላት፣ ቀዳዳዋ ፀጉር በምታህል አፍንጫ በኩል ብን አድርጎ ይረጨዋል። ያኔ በራሱ ይቀጣጠላል። እንግዲህ ፖምፓውን አጉራሽ በሉት፤ ለየሲሊንደሩ በየተራው፣ በልኩ ያጎርሳል። ጉርሻው ሲበዛ ሞተሩ እንደ እናንተ «ኧረ ጠገብኩ!» ማለት አይችልም። አየሩ አይበቃውምና የተረፈውን በጭስ ማውጫው ይተፋዋል።

ይህን ለታገሰ ስነግረው ሳቀብኝ። ታገሰ ከሚዛን ቴፒ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሸኮ አጠገብ ያለውን ዳገት ሲወጣ ማንም እንዲቀድመው አይፈልግም። ለምን አትሉም? ዳገቱ አናት ላይ የጋሽ በቀለ ቤት አለ፤ ቤቱ ውስጥ ልጃቸው አስቴር አለች። ሞባይል ገና እዚያ ስላልደረሰ መልእክቱን በሞተር ሊልክ አስቦ ኖሯል። የፖምፓውን ብሎን አጥብቄ ናፍጣውን እንድጨምርለት ለመነኝ። እምቢ ስለው ቴፒ ሄዶ የልቡን የሚያደርስለት አገኘ። ከዚያ ወዲያማ ምን ልበላችሁ! እያጓራ፣ አገሩን እያጠቆረ በአስቴር ደጅ ሽው ይላል። እጁን ለማውለብለብ እንኳ አይደርስም።

አስቴር ትየው አትየው እንጃ። ቡናው ግን አየው። ጋሽ በቀለ ቡናቸውን የሚያደርቁት መንገድ ዳር በተዘረጋ የሽቦ አልጋ ላይ ነበርና ያን ጥቀርሻ ሁሉ ሲጠጣ ከረመ። ገዢው መጥቶ አንድ እፍኝ አነሣ፣ አሸተተና፣ «ጋሼ፣ ይሄን ያደረቁት ማደያ ውስጥ ነው?» አላቸው።

ታገሰ ሽማግሌ የላከው ከዚህ በኋላ ነው፤ ጊዜ መምረጥ አያውቅ! እኔም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበርኩ። ጋሽ በቀለ በክብር አስቀምጠው ሲሰሙን ቆዩ፤ የታገሰ ስም ሲጠራ ግን ብድግ አሉ።

«ቡናዬን በናፍጣ ያጠነው? መጀመሪያ ጭሱን ያቁም፤ ስለ ልጄ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን። እስከዚያው እሷን ሲያነጋግር እንዳላየው!»

ታገሰ ጋራዤ ድረስ መጥቶ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። «ጋሼ፣ ብሎኑን ከመለሱት እኮ አህያ ሁሉ ይቀድመኛል!»

«አህያ ቢቀድምህ ይሻላል ወይስ አስቴርን ሌላ ቢቀድምህ?»

የመኪናውን ቁልፍ ሰጠኝ። ብሎኑን በልኩ መለስኩት።

ሰነባበተና ጋሽ በቀለ ራሳቸው መጡ። ሊያመሰግኑኝ መስሎኝ ወንበር ሳብኩላቸው። ለካ ተናደው ነው።

«ስማ፣ ድሮ ጭሱን ከታች ሳየው ልጅቱን ወደ ጓዳ እሰዳት ነበር። አሁን በምን ልወቅ? ውኃ ልቅዳ ብላ ዳገቱ ሥር ትጠብቀዋለች። መኪናው እንደሆነ እያዘገመ ነው የሚወጣው፤ እሷ ከጎኑ በእግሯ እየሄደች፣ እየተጫወቱ እስከ ደጄ ይደርሳሉ!»

ሳቄን ውጬ፣ «ታዲያ ጭሱን ልመልሰው?» አልኳቸው።

«ቡናዬስ?» ብለው አፈጠጡብኝ። ጥቂት አሰቡና ተነፈሱ። «ሽማግሌዎቹን ይዘህ ና። ተጋብተው እኔም ልረፍ።»

የሠርጉ ዕለት የታገሰ መኪና በአበባ ተሸልሞ ደጃቸው ቆመ። ቡናው ተሰብስቦ ገብቷል፤ አልጋው ባዶ ነው። ጋሽ በቀለ አዲሱን ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ ክንዴን ይዘው ወደ መኪናው ጎተቱኝ፤ ግራ ቀኙን አዩና ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«ለዛሬ ብቻ ያቺን ብሎን ትንሽ ጠበቅ አታደርጋትም? ልጄን መዳሬን እታች ያለው አገር ሁሉ ይይልኝ።»

እኔም ሰው ነኝ። መፍቻዬን ከኪሴ አወጣሁ።