ሦስት ሽማግሌ ለአንድ ስሞሽ

የሰው ልጅ ከንፈር ለሦስት ታላላቅ አገልግሎቶች መፈጠሩን የማያውቅ የለም፤ ለመናገር፣ ለመብላትና በሰው መከራ ለመመጠጥ። አራተኛ አገልግሎት እንዳለው በሹክሹክታ ቢወራም እስካሁን መመሪያ አልወጣለትም።

ይህን የመመሪያ ክፍተት ለመሙላት በመካነ ሰላም ከተማ የተነሳው ሰው ምስክር ይባላል። ምስክር አራት ዓመት ቲያትር ተምሮ በማዕረግ የተመረቀ፣ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰርግ ሲቀርጽ የኖረ ባለሙያ ነው። ሙሽራ ከመኪና ሲወርድ፣ ሙሽራ መኪና ላይ ሲወጣ፣ ሚዜ ላቡን ሲጠርግ፣ አማት ስታለቅስ። ሦስት መቶ ሰርግ ከቀረጸ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ተነስቶ «ከሰርግ በፊት ስላለው ነገር አንድ ፊልም ሳልሠራ አልሞትም» አለ። ከሰርግ በፊት ያለው ነገር ፍቅር መሆኑን ያወቀው ከመጻሕፍት ነው።

ፊልሙ አለቀ ማለት ይቻላል። ልጅቱ ከዐረብ አገር ትመለሳለች፣ ልጁ አምስት ዓመት ጠብቋታል፣ ገደል አፋፍ ላይ ይገናኛሉ፣ ይሳሳማሉ። የቀረችው ይቺ «ይሳሳማሉ» ብቻ ናት። የክልሉ የፊልም ውድድር ማስገቢያ ቀን ግንቦት አስራ አምስት ነው፤ ያቺ ቀን ካለፈች ሌላ ውድድር የለም፣ ምስክርም ወደ ሙሽሮቹ ይመለሳል። ስለዚህ በየካቲት መጀመሪያ ለቀረጻው የትብብር ደብዳቤ እንዲጻፍለት ባህልን ወደሚጠብቀው ጽሕፈት ቤት ሄደ።

ኃላፊው አቶ ሚሊዮን ስክሪፕቱን ገጽ ሰባ አንድ ላይ ገልጠው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ይሄ ‹ይሳሳማሉ› የሚለው፣ ጉንጭ ነው?»

«አይደለም አቶ ሚሊዮን።»

«ትከሻ ነዋ።»

«አይደለም።»

«ጉልበት ከሆነ እንኳ እንደግፋለን። ጉልበት መሳም የኛው ነው።»

«ከንፈር ነው።»

አቶ ሚሊዮን ተነስተው መስኮቱን ዘጉ።

«ለምን ያህል ጊዜ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አራት ሰከንድ።»

«በሁለት አይጨርሱትም? ሰው ከተግባባ'ኮ ሁለት ይበቃዋል።»

«ልጅቱ የቆየችው አምስት ዓመት ነው አቶ ሚሊዮን። በሁለት ሰከንድ አይወጣላትም።»

በሦስተኛው ቀን ደብዳቤው ወጣ። የዚህ ደብዳቤ አጻጻፍ ለትውልድ መማሪያ ሊሆን ይገባዋል። «ጉዳዩ፦ ከንፈርን ይመለከታል» ብሎ ጀምሮ፣ «የተዋናይቷ ቤተሰብ ፈቃድ በአካባቢው ባህልና ወግ መሠረት ተጠይቆ ማረጋገጫ እስኪቀርብ ድረስ፣ የሚመለከታቸው ሁለት ከንፈሮች ባሉበት እንዲቆዩ እናሳስባለን» ይላል። ግልባጭ፦ ለሁለቱም ባለ ከንፈሮች።

ተዋናይቷ በዛች ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። አራት ዓመት ጅዳ ሠርታ ተመልሳ የራሷን የሴቶች ፀጉር ቤት ከፍታለች። ደብዳቤውን የፀጉር ማድረቂያ ካስኩን ለደንበኛዋ እያስተካከለች አነበበችውና ያንኑ ለት ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሄደች።

«እኔ ፈቅጃለሁ። አይበቃም?»

«አንቺማ ባለጉዳይ ነሽ እህቴ» አሉ አቶ ሚሊዮን በርኅራኄ። «ባለጉዳይ በራሱ ጉዳይ ላይ አይፈርምም።»

«ጅዳ ስሄድ ማንም ፈቃድ አልጠየቀኝም!»

«ያ ሥራ ነው። ይሄ ከንፈር ነው።»

ዋናው ተዋናይ ክንፈ የፊዚክስ መምህር ነው። እሱ ደብዳቤውን በክብር ተቀበለው። በመምህራን ክበብ ቆሞ «ጥበብ አባት የለውም፣ ባል የለውም፣ ጎረቤት የለውም፤ ተዋናይ ሥጋውን ለመድረክ የሰጠ መነኩሴ ነው» ብሎ ንግግር አድርጎ፣ ከሁለት መምህራን ጭብጨባ አግኝቷል።

በባህልና ወግ መሠረት አባት ዘንድ የሚጠየቅ ነገር ሁሉ የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው። ሌላ መንገድ የለም። ምስክርም በከተማው የታወቁትን ጋሽ ካሳን ለመነ። ጋሽ ካሳ ሠላሳ ዓመት ሽማግሌ ሆነው ተልከው አንድም ቀን ባዶ እጃቸውን ተመልሰው አያውቁም። ጉዳዩ ሲነገራቸው ትንሽ አሰቡና «ብቻ እንደ ወጉ ይሁን እንጂ አብሽር» አሉ። ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ ምስክርን ከኋላ አድርገው በሚኒባስ ወግዲ ወረዱ። ከዚያ አንድ ሰዓት በእግር ሄደው በማለዳ የበዛች አባት የአቶ ይርዳው ደጅ ደረሱ።

«መርሃባ፣ ግቡ! ተቀመጡ እንጂ!»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ካሳ።

አቶ ይርዳው ይህን ቋንቋ ያውቁታል። ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ። «እሽ፣ ተናገሩ።»

ጋሽ ካሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አቶ ይርዳው፣ የመጣነው ልጅዎን በዛችን ለልጃችን ለክንፈ…» ብለው አፋቸው ሠላሳ ዓመት በለመደው መንገድ ሊነጉድ ሲል ምስክር ከኋላ «እህ፣ እህ» ብሎ ሳለ፤ እሳቸውም አስተካክለው ቀጠሉ። «…ለአራት ሰከንድ እንዲሰጡን ነው።»

አቶ ይርዳው ጋቢያቸውን እንደገና አስተካከሉ።

«ለምን?»

«ለመሳም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይመልሳታል።»

የአቶ ይርዳው ፊት ተለዋወጠ። «ስሞ ይመልሳታል? ምን ጎድሎባት ነው የሚመልሳት?»

ምስክር ዘሎ ገባ። «አባባ፣ ትወና'ኮ ነው! የእውነት አይደለም!»

«የእውነት ካልሆነማ ጭራሽ! ሦስት ትልልቅ ሰው ከመካነ ሰላም ድረስ ለውሸት ይመጣል? እርስዎስ ጋሽ ካሳ፣ በዚህ ሽበት?»

ጋሽ ካሳ አንገታቸውን ደፉ። በሠላሳ ዓመት አገልግሎታቸው እንዲህ ያለ ውርደት አጋጥሟቸው አያውቅም። አቶ ይርዳውም አዘኑላቸው መሰለኝ፣ ድምፃቸውን አለዘቡ።

«ስሙኝ። እኔ ልጄን በሰከንድ እየሸነሸንሁ አልሰጥም። ከሰጠሁ ሙሉዋን ነው። ሰባት ቤት ይቆጠር፣ እሷም ትጠየቅ፣ በአስራ አምስት ቀን ተመለሱ።»

ሽማግሌዎቹ ይህን ሲሰሙ እፎይ ብለው ተቀመጡ።

ሲመለሱ ጋሽ ካሳ መንገዱን ሁሉ ፈገግ እንዳሉ ነበር። «አየህ ልጄ፣ አራት ሰከንድ ጠይቀን ዕድሜ ልክ አገኘን። ሽምግልና ማለት ይሄ ነው።»

«ጋሽ ካሳ፣ እኔ'ኮ የፈለግሁት ስሞሽ ብቻ ነው!»

«እሱማ ውስጡ አለ።»

ምስክር ይህን ወሬ ለሁለቱ ተዋንያን ሲነግር እንደሚሳደቡ ጠብቆ ነበር። ክንፈ ግን ጆሮው ቀልቶ «ለጥበብ ስል… እስከዚህም እሄዳለሁ» አለ። በዛች ደግሞ ጥፍሯን እየቀባች «ልጁ መጥፎ አይደለም» አለች። «አይቅምም። ስድስት ወር ሙሉ አንተ ‹ተጠጊው፣ ተጠጊው› ስትለኝ ተጠግቼ አየሁት፤ ንጹሕ ነው። አባዬ እሽ ካለ እኔም እሽ።»

ሰባት ቤት ተቆጠረ። ስምንተኛው ላይ የጋራ ቅም ቅም አያት ብቅ ብለው ጉዳዩን ለሁለት ቀን ቢያጓትቱትም ስምንተኛ ነጻ ነው ተባለ። ዐቢይ ጾም ገባ፤ በጾም ሰርግም ስሞሽም የለም። ምስክር ሁለት ወር ቀን ሲቆጥር ከረመ። ትንሣኤ አልፎ ዳግማይ ትንሣኤም ሲያልፍ ሰርጉ ተደገሰ። ማን እንደቀረጸው መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሦስት መቶ አንደኛው ነው። አቶ ሚሊዮን በዳሱ ውስጥ ማይክ ይዘው «ይህ ጋብቻ በፊልሙ ዘርፍ የተገኘ አንጸባራቂ ውጤት ነው» ሲሉ ንግግር አደረጉ። በማግስቱም አዲስ ደብዳቤ ፈረሙ፤ «ከላይ የተጠቀሱት ከንፈሮች በሕግ የተዛመዱ በመሆናቸው እንዲንቀሳቀሱ ተፈቅዷል» የሚል።

ግንቦት አስራ ሦስት ቀን ከሰዓት፣ ውድድሩ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ካሜራ ተተከለ። ጽሕፈት ቤቱ የክትትልና ድጋፍ ቡድን ልኳል፤ ቡድኑ አቶ ሚሊዮንና ሦስቱ ሽማግሌዎች ናቸው።

«ምስክር፣ ብርሃኑ ወርቅ ሆኗል ወላሂ» አለ ካሜራ የያዘው ሃሩን። «አሁን ካልሆነ ደመናው ይመጣል።»

«ዝግጁ! አክሽን!»

በዛች ሻንጣዋን ጣለች። ክንፈ ሮጠ። ደረሰ። ፊቱን አስጠጋ። በዛች መዳፏን ደረቱ ላይ አድርጋ አቆመችው።

«ቆይ፣ ቆይ። እነ ጋሽ ካሳ እያዩ?»

«ከት!» አለ ምስክር። «በዙ፣ ምን ሆንሽ? በልምምድም ሰው እያየ አልነበር?»

«ያኔ ባሌ ነበር እንዴ?»

ምስክር እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። «ባልሽ እንዲሆን አይደል እንዴ ይሄ ሁሉ ጣጣ!»

«ያኔ ክንፈ ተዋናይ ነበር። ተዋናይ ይሳማል፣ ምን ችግር አለው? አሁን ባሌ ነው። ባሏን ሰው ፊት የምትስም ሴት አይተሃል? አንተ ሦስት መቶ ሰርግ ቀርጸሃል፣ እስኪ አንዲት ጥራልኝ!»

ምስክር በሐሳቡ ሦስት መቶውን ሰርግ ወደ ኋላ አጠነጠነ። አንዲት አላገኘም።

«ልክ ናት» አሉ ጋሽ ካሳ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ ሚሊዮን «ባህል» ብለው ማስታወሻ ያዙ።

«ሁለት ቀን ነው የቀረኝ በዙ!» ምስክር ድምፁ ተሰበረ። «ለዚች አራት ሰከንድ'ኮ አራት ወር አማጥሁ። ሰርግ ሁሉ ደገስንላት!»

በዛች ከልቧ አዘነችለት። «እኔማ አልሠራም አላልሁህም። ሌላ ሰው አምጣልኝ፣ አሁኑኑ እሠራዋለሁ። ከባሌ ጋር ነው እንጂ የሚያሳፍረው፤ ከሌላ ሰው ጋርማ ትወና ነው፣ ማንም ያውቃል።»

ሁሉም ሐሳቡን ከፊት ከኋላ አገላብጦ እንከን አጣለት። በመጨረሻ አቶ ሚሊዮን ፋይላቸውን ከፈቱ።

«ሐሳቡ ከባህላችን ጋር አይጋጭም» አሉ። «ሆኖም ተዋናይቷ ስላገባች የፈቃጅነቱ ሥልጣን ከአባት ወደ ባል ተዛውሯል። እሱም በወጉ መሠረት ይጠየቅ።»

ጋሽ ካሳ ተልከው እምቢ ብለው አያውቁም። በትራቸውን አነሱ፣ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ሁለቱን ሽማግሌዎች በግራና በቀኝ አሰልፈው ስድስት እርምጃ ተራመዱና ክንፈ ፊት ቆሙ።

ክንፈ ግራ ተጋብቶ «ምነው ጋሽ ካሳ? እዚያ ድንጋዩ ላይ አረፍ በሉ እንጂ» አለ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። ልጃችን ክንፈ፣ የመጣነው ባለቤትህን ለአራት ሰከንድ…»

አረፍተ ነገሩ አላለቀም። የክንፈ ግንባር ላይ ሥር ተገተረ፣ አፍንጫው ተነፋ፣ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ እንባም እሳትም ሆነ። ምስክር ስድስት ወር ሙሉ «ስሜት! በእናትህ ትንሽ ስሜት!» እያለ የለመነው ስሜት ሁሉ በአንድ ጊዜ ፊቱ ላይ ወጣ። በአገሩ እንዲህ ያለ ትወና ታይቶ አይታወቅም።

«ይሄ ነው!» ብሎ ጮኸ ምስክር። «ሃሩን፣ ቅረጽ! ቅረጽ እንጂ!»

«በምን ላቁመው?» አለ ሃሩን፣ ካሜራውን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ። የካሜራውን ስታንድ ክንፈ ነቅሎ፣ ጋሽ ካሳን ቁልቁል እያሯሯጠበት ነበር።